የሰርኪዩት ቦርድ ንድፍና የምርመራ ሰነዱ

አንድ ቤት ከመሠራቱ በፊት ፕላኑ በወረቀት ላይ ይነደፋል። ፕላኑም በባለቤቱ፣ በመሐንዲሱና በግንበኛው ይታያል። በሩ ጠባብ፣ መስኮቱም ትንሽ ሆኖ ከተገኘ በእርሳስ ይታረማል። ግድግዳው ከቆመ በኋላ ግን ያው ስሕተት በማፍረስ ካልሆነ በቀር አይታረምም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የሚያስተምረንም ይህንኑ ነው። በኤሌክትሮኒክስ ሙያም ሁኔታው ከዚህ የተለየ አይደለም።

በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን፣ በእጅ ስልክና በኮምፒዩተር ውስጥ የሚገኘው ጠፍጣፋ ሰሌዳ ሰርኪዩት ቦርድ ይባላል። ሰሌዳው ብዙውን ጊዜ ከመስታወት ክርና ከሙጫ የሚሠራ ሲሆን፣ የተለመደው ውፍረቱ 1.6 ሚሊሜትር ነው። በላዩ ላይ ስስ የመዳብ መስመሮች ተዘርግተዋል። የእነዚህ መስመሮች ውፍረት በተለመደው ሰሌዳ 35 ማይክሮሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም አንድ ሚሊሜትር ለአንድ ሺህ ቢከፈል 35ቱ እጅ ማለት ነው። መስመሮቹ ቀደም ሲል በሽቦ ይደረግ የነበረውን ግንኙነት ይተካሉ። ለዚህ አሠራር መስፋፋት ከፍተኛ አስተዋጽኦ ካደረጉት ሰዎች አንዱ የኦስትሪያ ተወላጅ የነበረው መሐንዲስ ፖል አይስለር ሲሆን፣ የፈጠራ መብት ማመልከቻውን በእንግሊዝ አገር ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1943 ነበር።

በዛሬው ጊዜ የሰሌዳ ንድፍ የሚዘጋጀው በኮምፒዩተር ነው። ለዚህ ተግባር ከሚያገለግሉት ፕሮግራሞች አንዱ ፈረንሳዊው ዣን-ፒየር ሻራስ እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረውና በነፃ የሚገኘው ኪካድ ነው። ነዳፊው ሥራውን ሲጨርስ ንድፉን በቀጥታ ወደ ፋብሪካ ቢልክ፣ አንዲት የተሳሳተች መስመር በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ ትታተማለች። መቶ ሰሌዳ ቢታዘዝ ስሕተቱም መቶ ጊዜ ይባዛል። ስለዚህ ንድፉ ከመታተሙ በፊት በሌላ ሰው ዐይን መመርመር ይኖርበታል።

ይሁን እንጂ ነዳፊው የሚሠራበትን ፋይል እንዳለ ለመርማሪው መላክ ብዙውን ጊዜ አያመችም። ፋይሉን ለመክፈት ያው ፕሮግራም፣ አንዳንድ ጊዜም ያው እትም ያስፈልጋል። ከመርማሪዎቹም መካከል ዕቃ የሚገዛው፣ ሰሌዳውን የሚበይደውና ሣጥኑን የሚሠራው ሰው ይገኙበታል፤ እነዚህ ሁሉ የንድፍ ፕሮግራም እንዲኖራቸው መጠበቅ አይገባም። ከዚህም በላይ ክፍት ፋይል ሳይታሰብ ሊለወጥ ይችላል። አንድ መስመር በስሕተት ቢንቀሳቀስ መርማሪውና ነዳፊው የሚነጋገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ንድፎች ይሆናል። በዚህ ምክንያት ንድፉ ወደ ፒዲኤፍ ሰነድ ተለውጦ ይላካል። ይህ የሰነድ ዐይነት አዶቢ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን፣ በ2008 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸድቋል። ዋና ጠባዩ በየትኛውም ኮምፒዩተር ላይ ቢከፈት የገጹ ቅርጽ አለመለወጡ ነው።

ጥሩ የምርመራ ሰነድ በቅደም ተከተል የተዘጋጁ ገጾች አሉት። በመጀመሪያ የዑደቱ ሥዕል ይቀርባል፤ ይህም የትኛው ዕቃ ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ ያሳያል። ቀጥሎ የሰሌዳው የላይኛውና የታችኛው የመዳብ ንጣፍ ለየብቻቸው ይቀመጣሉ፤ ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ቢደራረቡ መስመሮቹ ተወሳስበው ዐይን ያደናግራሉና። ከዚያም የዕቃዎቹ አቀማመጥ፣ የሰሌዳው ጠርዝና ልኬት፣ የቀዳዳዎቹ ስፋት ይከተላል። በመጨረሻም የዕቃዎች ዝርዝር ይጨመራል። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የንድፉ ስም፣ የእትሙ ቁጥርና ቀን መጻፍ አለበት። አለዚያ መርማሪው አሮጌውን እትም ሲያርም ሊውል ይችላል።

ሰነዱ ሲዘጋጅ ሁለት ነገሮች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛው መጠን ነው። የሰሌዳው ገጽ በትክክለኛ መጠኑ ከታተመ፣ መርማሪው ዕቃውን በወረቀቱ ላይ አስቀምጦ እግሮቹ ከቀዳዳዎቹ ጋር መግጠማቸውን ለማየት ይችላል። ነገር ግን የማተሚያ መሣሪያው ሥዕሉን ከወረቀቱ ጋር ለማስማማት ሲል ሊያሳንሰው ይችላል። ስለዚህ በገጹ ላይ 100 ሚሊሜትር የሆነ መስመር ማስመር ይጠቅማል። መስመሩ በማስመሪያ ሲለካ 94 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ሥዕሉ ማነሱ ወዲያውኑ ይታወቃል። ሁለተኛው አቅጣጫ ነው። የታችኛው ንጣፍ እንደ መስታወት ሰሌዳውን አሳልፎ ከላይ እንደሚታይ ሆኖ ሊሣል ይችላል፤ ወይም ሰሌዳው ተገልብጦ እንደሚታይ ሊሣል ይችላል። ሁለቱም አሣሣሎች ትክክል ናቸው፤ ስሕተት የሚሆነው የትኛው እንደተመረጠ በገጹ ላይ ሳይጻፍ ሲቀር ነው።

የምርመራን ጥቅም በአንድ ምሳሌ እንመልከት። 2ኤን3904 የተባለው ትራንዚስተር ጠፍጣፋ ፊቱ ወደ ተመልካቹ፣ እግሮቹም ወደ ታች ሲሆኑ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ኢሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ተብለው ይጠራሉ። ቢሲ547 በተባለው ግን ቅደም ተከተሉ ተገላቢጦሽ ነው፤ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኢሚተር ይሆናል። ሁለቱ በመልክ ይመሳሰላሉ። አንድ ነዳፊ ቀዳዳዎቹን በመጀመሪያው ዐይነት መሠረት ነድፎ፣ በዕቃ ዝርዝሩ ላይ ሁለተኛውን ቢጽፍ፣ ዝርዝሩ ብቻውን ሲታይ እንከን የለበትም፤ የሰሌዳው ሥዕልም እንዲሁ። ስሕተቱ የሚገለጸው ሁለቱ ገጾች ጎን ለጎን ሲነበቡ ብቻ ነው። ስለዚህም ለመርማሪ የሰሌዳውን ሥዕል ብቻ መላክ ከሥራው ግማሹን መደበቅ ማለት ነው።

የፒዲኤፍ ሰነድ ለሰው ዐይን የተዘጋጀ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ለፋብሪካው የሚላከው ሌላ ነው። እርሱም ጌርበር በመባል የሚታወቀው የፋይል ዐይነት ሲሆን፣ መግለጫው ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ጌርበር እያንዳንዱን ንጣፍ በትክክለኛ ቦታና ልክ ለማሽን ይገልጻል፤ የቀዳዳዎቹ ቦታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በተለየ ፋይል ይላካል። የሚታተመው ይህ በመሆኑ፣ የፒዲኤፉ ምርመራ ከተፈጸመ በኋላ የጌርበሩን ፋይልም በማሳያ ፕሮግራም ከፍቶ ማየት ብልህነት ነው።

የመርማሪውም ድርሻ ቀላል አይደለም። «ይህ ልክ አይደለም» ብሎ መጻፍ ነዳፊውን አይረዳውም። «በገጽ 3 ላይ ትራንዚስተር ቁጥር 1 ኮሌክተሩና ኢሚተሩ ተለዋውጠዋል፤ ምክንያቱም ቀዳዳዎቹ በዕቃ ዝርዝሩ ከተጠቀሰው ዐይነት ጋር አይስማሙም፤ ወይ ዝርዝሩ ወይ አቀማመጡ ይለወጥ» ተብሎ ቢጻፍ ግን ቦታው፣ ጉድለቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው በአንድነት ይገኛሉ። ከዚህ እንደምንረዳው፣ ግልጽ አጻጻፍ ለድርሰት ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚያስፈልግ ችሎታ አይደለም። በሚገባ የተገለጸች አንዲት ዐረፍተ ነገር መቶ ሰሌዳ ከብክነት ልታድን ትችላለች።

መልመጃ

1. ነዳፊው የሚሠራበትን ፋይል እንዳለ መላክ የማያመቸው ለምንድን ነው? ቢያንስ ሁለት ምክንያቶች ስጡ።
2. በገጹ ላይ 100 ሚሊሜትር የሆነ መስመር ማስመር ምን ጥቅም አለው?
3. በፒዲኤፍና በጌርበር መካከል ያለውን ልዩነት በሦስት ዐረፍተ ነገሮች ግለጹ።
4. በምንባቡ ውስጥ «ስለዚህ»፣ «ይሁን እንጂ» እና «ምክንያቱም» የሚሉትን ቃላት ፈልጋችሁ እያንዳንዳቸው የትኞቹን ሐሳቦች እንዳያያዙ አስረዱ።
5. አንድ ጓደኛችሁ የጻፈውን ድርሰት መርምራችሁ፣ ቦታውን፣ ጉድለቱን፣ ምክንያቱንና መፍትሔውን የሚያሳይ አስተያየት በአንድ አንቀጽ ጻፉ።