የመርፌው ጫፍ የት ደረሰ? በአልትራሳውንድ የሚመራ ሕክምናና የሐኪሙ ጥንቃቄ

ሪያድ፦ እ.ኤ.አ. በ1975 በሪያድ የተከፈተው የንጉሥ ፋይሰል ስፔሻሊስት ሆስፒታልና የምርምር ማዕከል የኩላሊትና የጉበት ንቅለ ተከላ ከሚካሄድባቸው የአካባቢው ታላላቅ ተቋማት አንዱ ነው። እንዲህ ባሉ ሆስፒታሎች ብዙ የማይወራለት፣ ነገር ግን ብርቱ ጥንቃቄ የሚሻ የዕለት ተዕለት ሥራ አለ፤ ይኸውም በአልትራሳውንድ ምስል እየተመሩ መርፌን ወደ ሰውነት ማስገባት ነው። ከተተከለ ኩላሊት ናሙና ሲወሰድ፣ በአንገት በሚገኘው ትልቅ ደም መልስ ቱቦ ሲገባ ወይም ለቀዶ ሕክምና አንድ ክንድ ብቻ ሲደነዝዝ የሐኪሙ መሪ ይህ ምስል ነው።

ቀደም ባለው ጊዜ ሐኪሞች በእጅ ዳሰሳና ከውጭ በሚታዩ የአካል ምልክቶች ይመሩ ነበር። ናይስ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የብሪታንያ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በአንገት ደም መልስ ቱቦ ሲገባ በአልትራሳውንድ መመራት ተመራጭ እንዲሆን የመከረው እ.ኤ.አ. በ2002 ነበር።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ስላለ ብቻ መርፌው ይታያል ማለት አይደለም። አልትራሳውንድ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው በጣም ስስ የሆነ የሰውነት ቁራጭ ነው፤ መርፌው ከዚያ ቁራጭ ጥቂት ፈቀቅ ካለ ከምስሉ ይሰወራል። በሌላ በኩል ለስላሳው ብረት ለድምፅ ሞገድ እንደ መስተዋት ነው። ጋደም ብሎ ሲገባ ድምፁን ወደ መመርመሪያው ይመልሳል፤ ወደ ጥልቅ ስፍራ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ግን ድምፁን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያንጸባርቅ ይደበዝዛል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ የመርፌውን ግንድ ከጫፉ ጋር ማምታታት ነው። መርፌው ምስሉን በአግድም ሲያቋርጥ የሚታየው አንዲት ነጭ ነጥብ ብቻ ናት። ሐኪሙ ነጥቧን ጫፍ አድርጎ ከወሰዳት፣ እውነተኛው ጫፍ ከዚያ አልፎ ደም ቅዳን ወይም ሳንባን ሊወጋ ይችላል። ስለዚህ የሙያው ዋና ደንብ አጭር ነው፦ ጫፉ ካልታየ መርፌው አይገፋም።

ጫፉ ሲጠፋ ሐኪሙ መርፌውን ባለበት አቁሞ መመርመሪያውን በዝግታ ያዘነብላል። አንዳንዴም ጥቂት ፈሳሽ ይረጫል፤ ፈሳሹ በምስሉ ላይ እንደ ጥቁር ኩሬ ሲሰፋ የጫፉን ቦታ ይጠቁማል። ድምፅን በሁሉም አቅጣጫ እንዲመልሱ ገጻቸው የተሸረከተ መርፌዎችና የመርፌውን ምስል የሚያጎሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችም ተሠርተዋል። ሆኖም እነዚህ ሁሉ ያግዛሉ እንጂ የሠለጠነ እጅና ዓይንን አይተኩም፤ ጀማሪ ሐኪሞችም በሰው ላይ ከመሥራታቸው አስቀድሞ በጄል ወይም በሥጋ ላይ ይለማመዳሉ።

ታካሚውም ድርሻ አለው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሊናገር ይገባል። ኩላሊትና ጉበት ከትንፋሽ ጋር ስለሚንቀሳቀሱ፣ ትንፋሽን መያዝ ሲታዘዝ ትእዛዙን በሚገባ መረዳት ያስፈልጋል። ዐረብኛ ወይም እንግሊዝኛ በደንብ የማይሰማ ታካሚ መርፌው ከመግባቱ በፊት አስተርጓሚ ቢጠይቅ ለራሱም ለሐኪሙም ይበጃል።