ሁለት መቶ ዩሮ ለምን አይበቃም?

በጀርመን አውቶባህን ላይ ዩ-ተርን አድርጎ የተያዘ ሾፌር የሚቀጣው እንደዞረበት ቦታ ነው። በመግቢያ ወይም በመውጫ መንገድ ላይ ከሆነ 75 ዩሮ፣ በመንገዱ ትከሻ ላይ ከሆነ 130 ዩሮ ይከፍላል፤ በሁለቱም አንድ የጥፋት ነጥብ ይመዘገብበታል። በዋናው መስመር ላይ ከዞረ ቅጣቱ 200 ዩሮና ሁለት ነጥብ ሲሆን ለአንድ ወርም ከመንዳት ይታገዳል። ስምንት ነጥብ የሞላበት መንጃ ፈቃዱን ይነጠቃል።

ከእነዚህ ሁሉ ደካማው ቅጣት ገንዘቡ ነው። መውጫውን ያለፈ ሾፌር ቀጣዩ መውጫ 10 ኪሎ ሜትር ቢርቀው፣ ሄዶ ለመመለስ 20 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚፈጅ ከሆነ 1.6 ሊትር ነዳጅ ያቃጥላል፤ ይህ በጀርመን ዋጋ ከ2 ዩሮ ይበልጣል። ጊዜውም አለ። አሁን ከመቶ አጥፊዎች አንዱ ብቻ ይያዛል ብለን እናስብ። የ200 ዩሮው ቅጣት ለአንድ ጥፋት ሲካፈል 2 ዩሮ ይሆናል። ሕግ ማክበር ከመጣስ የበለጠ ያስወጣል ማለት ነው።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት ያብራራው ይህንኑ ነው፦ አጥፊውን የሚያስፈራው የቅጣቱ መጠን ብቻ ሳይሆን የመያዝ ዕድሉም ጭምር ነው። የመያዝ ዕድልን ከፍ ለማድረግ ፖሊስና ካሜራ ያስፈልጋል፤ ቅጣት ለመጨመር ግን ወረቀት ይበቃል። መንግሥታት ወደ ሁለተኛው የሚያደሉት ለዚህ ነው። ጣሊያን በአውቶስትራዳ ላይ የዞረን ሾፌር ከ2,000 ዩሮ በላይ ትቀጣለች፣ መንጃ ፈቃዱን ትሰርዛለች፣ መኪናውንም ለሦስት ወር ታግዳለች።

ጥፋቱ ቀላል ስላልሆነ የቅጣቱ ክብደት ይገባኛል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በየሰከንዱ 33 ሜትር ይጓዛል። ከአካፋዩ በኩል የሚዞረው ሾፌር ብቅ የሚለው ደግሞ ፈጣኖቹ መኪኖች በሚነዱበት የግራ መስመር ላይ ነው። ያተረፈው ነዳጅ የራሱ ሲሆን አደጋውን የሚሸከሙት ሌሎች ናቸው።

ሆኖም የገንዘብ ቅጣት ሁሉንም እኩል አያምም። ፊንላንድ ለከባድ የትራፊክ ጥፋት ቅጣቱን በገቢ ልክ ታሰላለች፤ የኖኪያ ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት አንሲ ቫንዮኪ እ.ኤ.አ. በ2002 በፍጥነት በማሽከርከር 116,000 ዩሮ ተቀጥተው ነበር፤ በኋላ ተቀነሰላቸው። የመንጃ ፈቃድ እገዳም ቢሆን እንጀራው መሪ ላይ የሆነውን የታክሲ ሾፌር ከባለሀብቱ አብልጦ ይጎዳል። ስለዚህ ከመሰረዝ ይልቅ የጀርመኑን የአንድ ወር እገዳ እመርጣለሁ፤ ይቆረቁራል እንጂ ቤተሰብ አያፈርስም።

ከዚህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሁለት ነገር ይከተላል። በብር ተቆርጦ የተቀመጠ ቅጣት በዋጋ ንረት በየዓመቱ ይቀልላል፤ ደንቡ ሳይነካ ጥፋቱ ይረክሳል። ሌላው የመንገዱ ንድፍ ነው። በአዲስ አበባ የቀለበት መንገድ ላይ መዞሪያዎቹ የተራራቁ በመሆናቸው ሕግ አክባሪው ለእያንዳንዱ ጉዞ ተጨማሪ ነዳጅ ይከፍላል። ቅጣት ለመጨመር ያሰበ ባለሥልጣን መጀመሪያ ያንን ርቀት በሊትር ያስላ፤ መዞሪያ የሚጨመርበትን ቦታም እዚያው ያገኘዋል።