የኋላ ታፋ ጡንቻ ጉዳትና የአጭር ርቀት ሩጫ
ሃምስትሪንግ በመባል የሚታወቁት የኋላ ታፋ ጡንቻዎች በፍጥነት ሩጫ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዱት፣ እግር መሬት ከመርገጡ ጥቂት ቀደም ብሎ ወደ ፊት የተወረወረውን ቅልጥም ለመግታት እየተለጠጡ ከፍተኛ ኃይል በሚያመነጩበት ቅጽበት ሲሆን፣ በብዛት የሚጎዳውም በታፋው የውጭ ጎን የሚገኘው ባይሴፕስ ፌሞሪስ ነው። ሯጭ ከመነሻው ሲፈተለክ እነዚሁ ጡንቻዎች ከመቀመጫ ጡንቻ ጋር ሆነው መሬትን ወደ ኋላ እንዲገፋ ስለሚያስችሉት፣ ሕመሙ ከጠፋ በኋላም የማፍጠን ኃይሉ ቀንሶ ሊቆይ ይችላል። ስፖርተኛው ተንበርክኮና ቁርጭምጭሚቱ ተይዞለት ደረቱን ቀስ እያለ ወደ መሬት የሚያወርድበት ኖርዲክ የተባለው እንቅስቃሴ፣ ጡንቻው እየተለጠጠ ኃይል የማመንጨት አቅሙን በእጅጉ ያጠነክራል፤ ሆኖም ሩጫን ራሱን ሊተካ አይችልም። ስለዚህ አሠልጣኞች ተጎጂውን ወደ ውድድር ከመመለሳቸው በፊት፣ ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ ጨምሮ በሙሉ አቅሙ ያለ ሕመም ደጋግሞ መሮጡን ሊያረጋግጡ ይገባል።