ለዲቪ የእንግሊዝኛ ሰርተፍኬት ያስፈልጋል እንዴ?

ከመካነ ሰላም፣ ከከላላና ከወግዲ በኢንቦክስ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁን ነው። መልሱ አጭር ነው፦ አያስፈልግም። የዲቪ ደንብ የሚለው 12ኛ ክፍል ያጠናቀቀ፣ ወይም ቢያንስ የ2 ዓመት ስልጠና በሚፈልግ ሙያ በቅርብ 5 ዓመታት ውስጥ 2 ዓመት የሠራ ነው። «የቋንቋ ወረቀት ላውጣልህ» የሚል ደላላ ከመጣ ብራችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።

አሜሪካ ቋንቋ የምትጠይቀው ቆይታ፣ ዜግነት ሲጠየቅ ነው። ይሄ በአብዛኛው ግሪን ካርድ ከተያዘ ከ5 ዓመት በኋላ ነው። መርማሪው በእንግሊዝኛ ያናግራችኋል፤ ከ3 ዓረፍተ ነገር 1ዱን በትክክል ማንበብ፣ ከሌላ 3 ደግሞ 1ዱን መጻፍ። ከዚያ የአገሪቱ ታሪክና የመንግሥት አሠራር ጥያቄ ይከተላል። ልጆቻቸው የወሰዷቸው እናትና አባቶች የሚጨነቁት እዚህ ላይ ነው። ግን 50 ዓመት ሞልቶት በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖረ፣ ወይም 55 ሞልቶት 15 ዓመት የኖረ ሰው ከእንግሊዝኛው ነፃ ነው። የታሪኩን ጥያቄ በአስተርጓሚ፣ በአማርኛ ይመልሳል። ይህን ለቤተሰብ ንገሩ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም።

ጀርመን ግን ገና አውሮፕላን ሳይሳፈሩ ነው የምትጠይቀው። ባሏ እዚያ የሚኖር ሴት ቪዛ ለማግኘት በአብዛኛው የጀርመንኛ ኤ1 ማለፍ አለባት። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለው ጎተ ኢንስቲትዩት ይፈትናል፤ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገር። ማለፊያው ከ100 60 ነው። ራስን ማስተዋወቅ፣ ዋጋ መጠየቅ፣ ፎርም መሙላት ዓይነት ነገር ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ከቦረና ለሄደች ልጅ ከፈተናው ይልቅ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ መማሩ ይከብዳል። ለዜግነት ደግሞ ደረጃው ወደ ቢ1 ከፍ ይላል።

የኛዋ አገርስ? እኛም እንጠይቃለን! በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ የውጭ ሰው አማርኛን አጥርቶ እንዲናገርና እንዲጽፍ ያዝ ነበር። አሁን የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 378/1996 ግን ከአገሪቱ ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት ይበቃል ይላል። ማለትም መካነ ሰላም የሚኖር የውጭ ዜጋ አማርኛ ባይችልም በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ከተግባባ መስፈርቱን አሟላ ማለት ነው። ሌሎቹ መስፈርቶች እንዳሉ ሆነው፤ ለምሳሌ ቢያንስ 4 ዓመት እዚህ መኖር። ኢትዮጵያዊ ወይም ኢትዮጵያዊት ላገባ ሰው ደግሞ፣ እንደ ጀርመን ሳይሆን፣ አዋጁ ቋንቋ አይጠይቅም።