ለወጣት ሠራተኛ የሚስማማው ከተማ የትኛው ነው?

ትምህርቱን ፈጽሞ ሥራ የያዘ ወጣት አስቀድሞ የሚጠይቀው ደመወዙ ስንት እንደ ሆነ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የኑሮው ደኅንነት የሚታወቀው በሚቀበለው ገንዘብ ሳይሆን፥ በወሩ መጨረሻ በእጁ በሚቀረው ገንዘብና ጊዜ ነው። «ኑሮ በዘዴ፥ ጾም በኩዳዴ» የሚባለውም ስለዚህ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ባለቤቴ በአዲስ አበባ ዳርቻ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። የደመወዜ ግማሽ ለኪራይ ይውል ነበር፤ ጧትና ማታ በታክሲ ሰልፍና በመንገድ ላይ የማሳልፈው ጊዜም ሦስት ሰዓት ያህል ነበር። በትግራይ ለምትኖረው እናቴ በየወሩ የምልከውን ገንዘብ ሁለት ጊዜ ማስቀረቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። በዚያን ጊዜ ወደ ድሬዳዋ የመዛወር ዕድል ስለ ገጠመኝ፥ ወረቀት ወስጄ በአንድ ወገን ጥቅሙን፥ በሌላው ወገን ጉዳቱን ጻፍሁ።

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በደረሰ ጊዜ ነው። በከዚራ ሰፈር ቀጥ ያሉ መንገዶችና ባለ ጥላ ዛፎች አሉ፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ የገበያ ሰፈር ነው። ከቤት ወደ ሥራ በእግር ወይም በባጃጅ ቶሎ ይደረሳል። በአዲስ አበባ ለአንድ ክፍል በምንከፍለው ገንዘብም ሁለት ክፍልና ግቢ እንደምናገኝ ተረዳሁ።

ጉዳቱንም አልሸሸግሁም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 1,200 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ሙቀቷ ብርቱ ነው። በወባ ትንኝ ሳይሆን በሌላ ዓይነት ትንኝ የሚተላለፉት የደንጊ ትኩሳት በ2006 ዓ.ም.፥ ቺኩንጉንያ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ሕዝቡን አስጨንቀው ነበር። በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ስለ ገደለ፥ በወንዙ አጠገብ ያለ ቤት ርካሽ ቢሆንም እንዳንከራይ ወሰንሁ።

ወረቀቱን ለባለቤቴ ባሳየኋት ጊዜ፥ አንብባ ስታበቃ «የእኔ ደመወዝስ በየትኛው ወገን ተጻፈ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁለት ሰዎች የሚኖሩበትን ቤት በአንድ ሰው ደመወዝ አስቤ ነበርና።

ስለዚህ እኔ አስቀድሜ ሄድሁ፤ እርስዋ በዚያ ሥራ እስክታገኝ ድረስ ሰባት ወር በአዲስ አበባ ቆየች። በእነዚያ ወራት ሁለት ኪራይ በመክፈላችን አንዳች አልተረፈንም። ከተገናኘን በኋላ ግን ለእናቴ የሚላከው ገንዘብ አንድም ወር አልተቋረጠም። ማታም አብረን እራት ለመብላት በቃን። ጎረቤቶቻችን በኦሮምኛና በሶማልኛ ሰላምታ መስጠትን አስተማሩን፤ ባለቤቴ በታመመች ጊዜም ቀድመው የደረሱት እነርሱ ናቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው እውነት ነው።

እንግዲህ ወጣቱ ከተማ ከመምረጡ በፊት፥ ሙቀቱ በሚበረታበት ወራት ሄዶ ይመልከት፤ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፥ ሐኪም ቤቱም ምን ያህል እንደሚርቅ የሰፈሩን ሰዎች ይጠይቅ። የኪራይ ውሉንም በጽሑፍ ያድርግ፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሒሳቡን ብቻውን አይሥራ፤ አብራው የምትኖረውም እርሳሱን ትያዝ።