ናፍቆትና ውል

በአፍሪካ አገሮችና በካሪቢያን ደሴቶች መካከል ያለውን ወዳጅነት ለማጽናት የተሰማራ የውጭ ጉዳይ ሠራተኛ ከሙያ ባልደረቦቹ የሚለይበት ታላቅ ዕድል አለው፤ ይኸውም ሌሎቹ በብዙ ድካም፥ በብዙ ግብዣና በብዙ ደብዳቤ ሊፈጥሩት የሚጥሩትን የሕዝብ ፍቅር እርሱ አድጎና ሥር ሰድዶ የሚያገኘው መሆኑ ነው። ከአፍሪካ ጠረፍ በባርነት የተጋዙት ሰዎች ልጆች፥ የአባቶቻቸውን ቋንቋና ስም ከተነጠቁ በኋላ፥ መዝሙረ ዳዊት ስለ ኢትዮጵያ የሚናገረውን ትንቢት ባነበቡ ጊዜ፥ ያን ስም እንደ ርስት ተቀብለው ለልጅ ልጅ አወረሱት፤ ይህም የሆነው በደሴቶቹና በእኛ መካከል አንድ ኤምባሲ ስንኳ ሳይከፈት ነው።

ስለዚህም የመጀመሪያዎቹ ልኡካን ማንም መንግሥት ያልላካቸው ሰዎች ነበሩ። ከዓድዋ ድል በኋላ፥ በ1889 ዓ.ም.፥ የሄይቲው ተወላጅ ቤኒቶ ሲልቬን ባሕሩንና በረሓውን አቋርጠው ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ደረሱ። በኒው ዮርክ የጥቁር አይሁድ ምእመናን መሪ የነበሩት የባርባዶሱ ተወላጅ ራቢ አርኖልድ ፎርድ በ1923 ዓ.ም.፥ በዘውዱ በዓል ጊዜ፥ አዲስ አበባ ገብተው እዚያው ኖረው እዚያው ዐረፉ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሚኞን ፎርድም በኋላ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም የተጠራውን ትምህርት ቤት አቋቁመው የብዙ ኢትዮጵያውያንን ልጆች አስተማሩ። በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ የፋሺስት ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ፥ ታላላቆቹ መንግሥታት ቃላቸውን ሲያመቻምቹ፥ የትንሿ ሄይቲ ልኡክ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ተነሥተው፥ በኢትዮጵያ ላይ የደረሰው ነገ በሌላው ላይ የማይደርስበት ምክንያት እንደሌለ ለዓለም አሳሰቡ።

ይህ ሁሉ ፍቅር በአንድ ቀን ለዐይን የታየው ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው። ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ከትሪኒዳድ ተነሥተው ኪንግስተን በደረሱ ጊዜ የተሰበሰበው ሕዝብ የጥበቃውን መስመር ጥሶ አውሮፕላኑን ስለ ከበበው፥ የተዘጋጀው የአቀባበል ሥነ ሥርዐት ሁሉ ቀረ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ወደ ምድር የወረዱት የራስታዎቹ መሪ ሞርቲሞ ፕላኖ በደረጃው ላይ ወጥተው ሕዝቡ መንገድ እንዲለቅ ከለመኑ በኋላ ነው። የፕሮቶኮል ሠራተኛ ይህን ታሪክ ሲያነብ፥ የሕዝብ ናፍቆት ከማናቸውም መርሐ ግብር የበረታ ኀይል መሆኑን ይማርበታል።

ነገር ግን በዚህ ሥራ ዘመኑን ያሳለፈ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ናፍቆት ብቻውን ማደሪያ አይሆንም። በፋሺስት ወረራ ዘመን ለረዱን የውጭ ጥቁር ወገኖች መታሰቢያ ይሆን ዘንድ በሻሸመኔ 5 ጋሻ መሬት ተሰጥቶ ነበር፤ በዚያ የሰፈሩት የጃማይካና የሌሎች ደሴቶች ሰዎች ግን፥ የ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ይዞታቸውን ከወሰደባቸው በኋላ፥ አብዛኞቹ የመኖሪያ ፈቃድ ስንኳ ሳይኖራቸው፥ በዚያው የወለዷቸውም ልጆች የየትኛው አገር ዜጋ እንደ ሆኑ ሳይታወቅ ብዙ ዘመን ኖሩ። መንግሥት የመታወቂያ ወረቀት ሊሰጣቸው የወሰነው በ2009 ዓ.ም. ነው። በቢሮዬ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋራ በተቀመጥሁ ቍጥር የሚጠይቀኝ ስለ ታሪካችን አልነበረም፤ ልጁ በምን ወረቀት ትምህርት ቤት እንደሚገባ፥ ቢሞት ቤቱን ማን እንደሚወርስ ነበር።

ዛሬ በጡረታ በተቀመጥሁባት በኢየሩሳሌም፥ በቂርያት መናሔም፥ ይህን ነገር ከጎረቤቶቼ ኑሮ ይልቅ አጕልቶ ያሳየኝ የለም። ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች የመጡት ቤተ እስራኤል ፊታቸውን ወደዚች ከተማ መልሰው ለትውልደ ትውልድ ጸለዩ፤ ጸሎቱ ግን በሕግ ፊት የቆመው በ1965 ዓ.ም. ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ አይሁድነታቸውን ከመሰከሩ፥ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የእስራኤል መንግሥት የመመለሻ ሕግ እንዲጠብቃቸው ከፈቀደ በኋላ ነው። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲጓዙ የጫናቸው አውሮፕላን ብቻ ሳይሆን ያ ውሳኔ ጭምር ነበር። እነሆ፥ በአንድ ዓመት፥ በ1967፥ የአንደኛው ሕዝብ ናፍቆት ሕግ ሲያገኝ የሌላው መሬቱን ዐጣ። ይህን አንድ ቀን ለአንዲት አረጋዊት ጎረቤቴ ስተርክላቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «ልጄ፥ እነሱም እንደኛው ናቸዋ! ታዲያ ማን ወጥቶ ተቀበላቸው?» አሉኝ።

ከቂርያት መናሔም ወደ መኻል ከተማ ወርዶ በኢትዮጵያ ጎዳና የሚያልፍ ሰውም ይህንኑ ትምህርት በድንጋይ ተጽፎ ያገኘዋል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የጀመሩት፥ ዳግማዊ ምኒልክ የፈጸሙት የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን፥ በዙሪያውም ነገሥታቱ፥ እቴጌዎቹና መኳንንቱ ያሠሯቸው ቤቶች፥ መሬቱ በገንዘብ ተገዝቶ ርስትነቱ ስለ ታወቀ እስከ ዛሬ መነኮሳቱን ያስጠጋሉ። በአንጻሩ በጎልጎታ ጣራ ላይ ያለው ዴር ሡልጣን፥ አባቶቻችን ለብዙ ዘመን የጸለዩበት ቦታ ሆኖ ሳለ፥ በ1830 ዓ.ም. ገደማ በገባው ወረርሽኝ መነኮሳቱ ካለቁና እንደሚነገረው መዛግብታቸው ከተቃጠሉ ወዲህ፥ እስከ ዛሬ በክርክር ላይ ነው። በሁለቱም ቦታ የጸሎቱ ትጋት አንድ ነው፤ የለያቸው ሰነድ ነው።

በአፍሪካና በካሪቢያን መካከል ዛሬ የተጀመረው ሥራ ይህን የተረዳ ይመስለኛል። የአፍሪካ ኅብረት በውጭ ያለውን የአፍሪካ ትውልድ ስድስተኛ ክፍሉ አድርጎ ይቈጥራል። የአፍሪካና የካሪቢያን አገሮች ማኅበር የካሪኮም መሪዎች የመጀመሪያ ጉባኤያቸውን ጳጉሜን 2 ቀን 2013 ዓ.ም. በምስል መገናኛ፥ ሁለተኛውንም ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደረጉ፤ የአፍሪካ የወጪና ገቢ ንግድ ባንክም በ2015 ዓ.ም. በባርባዶስ ዋና ከተማ በብሪጅታውን ቢሮ ከፈተ። ይሁን እንጂ ከአዲስ አበባ ወደ ኪንግስተን የሚሄድ መንገደኛ በአውሮፓ ወይም በሰሜን አሜሪካ ዞሮ፥ ብዙ ጊዜም የሦስተኛ አገር የመሸጋገሪያ ቪዛ ለምኖ መሄድ አለበት። ዘመድ ዘመዱን ለመጠየቅ የባዕድ ፈቃድ የሚያስፈልገው እስከ ሆነ ድረስ፥ በጉባኤ የሚነገረው የወንድማማችነት ቃል ገና ሥጋ አልለበሰም።

እንግዲህ በዚህ ሥራ የምትተኩን ወጣቶች ሆይ፥ የሕዝቡን ፍቅር ለማሞቅ ብላችሁ አትድከሙ፤ እርሱ ከእናንተ በፊት ነበረ፥ ከእናንተም በኋላ ይኖራል። የእናንተ ድርሻ ለዚያ ፍቅር የአየር መንገድ ስምምነት፥ የቪዛ ውል፥ የትምህርት ማስረጃ መተዋወቂያ፥ የመኖሪያና የውርስ ሕግ ማበጀት ነው። ከኪንግስተን ወይም ከፖርት ኦፍ ስፔን የመጣ አቤቱታ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲያርፍ የወዳጅነት ሰላምታ ጽፋችሁ አትመልሱት፤ የሚፈልገውን ወረቀት የሚሰጥ ሕግ ካለ ፈጽሙለት፥ ከሌለ ሕጉ እንዲወጣ ለአለቆቻችሁ ጻፉ።