ሠርግ ለአንድ ቀን፣ ዕዳ ለዓመት

ስኮትላንድ ከእንግሊዝ በስተ ሰሜን ያለች ብርዳም አገር ናት። እዚያ ወንዶች ለሠርግ ኪልት ይለብሳሉ። ኪልት ከበግ ጠጉር የተሠራ ሽንሽን ልብስ ነው። ከወገብ እስከ ጉልበት ይደርሳል። እኛ አገር ሽንሽን የሴት ነው። እነሱ ዘንድ ግን የወንድ ክብር ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1746 በወጣ ሕግ ተከልክሎ ነበር፤ በ1782 ተፈቀደ።

አንድ ሙሉ ኪልት 7 ሜትር ያህል ጨርቅ ይፈጃል። ስለዚህ ውድ ነው። አባትም፣ ወንድምም፣ ሙሽራውም «አዲስ ላሰፋ» ቢሉ ቤቱ ባዶ ይቀራል። ታዲያ ምን ይሻላል?

መጀመሪያ ሣጥን መክፈት ነው። የአባት ኪልት ካለ ይወጣል። ጥሩ የሱፍ ኪልት ብዙ ዘመን ያገለግላል። ወገቡ ቢጠብ ዘለበቱን ማዛወር ይቻላል። ከሌለም የሚያከራዩ ሱቆች አሉ። ዳማ ዳማው የቤተሰብ መለያ የሆነ አለ። እሱ ባይገኝ ግን ሌላ መልበስ ክልክል አይደለም።

አለባበሱም ደንብ አለው። ሽንሽኑ በስተኋላ፣ ለጥ ያለው በስተፊት ይሆናል። ጫፉ ጉልበት መካከል ያርፋል። ከፊት ትንሽ የቆዳ ኮረጆ ይንጠለጠላል፤ እንደ ኪስ ያገለግላል። ቀደም ብሎ መለካት ደግ ነው። አለዚያ በሠርጉ ዕለት በርበሬ ቀንጥሱ ይሆናል።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንላለን። እውነት ነው። የአባት ልብስ ግን የሰው አይደለም። ኪራይም ቢሆን ከዕዳ ይሻላል። ሠርጉ በአንድ ቀን ያልፋል። ዕዳው ግን ከሙሽሮቹ ጋር ጎጆ ይገባል።